ቁማር ስሙን ሲለውጥ፦ ስለ ውርርድ ማስታወቂያ የቀረበ ትምህርት



ሰው ያለ ተስፋ መኖር አይችልም። ገበሬ ዘሩን በመሬት ላይ የሚበትነው፣ ነጋዴ ሸቀጡን አስጭኖ ረጅም መንገድ የሚሄደው፣ ወላጅም ከዕለት ጉርሱ ቀንሶ ልጁን የሚያስተምረው ነገን ተስፋ በማድረግ ነው። እንዲህ ያለው ተስፋ ከሥራ፣ ከትዕግሥትና ከጊዜ ጋር የተቆራኘ ስለሆነ ሰውን ያሳድገዋል። ከዚህ የተለየ ሌላ ተስፋም አለ፤ ይኸውም ድካምንና ጊዜን ዘልሎ በአንድ ሌሊት ባለጠጋ መሆንን የሚመኝ ነው። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሲሉ የተረቱት ይህን ዓይነቱን ተስፋ አስመልክተው ነው።

ይህ ምኞት በሰው ልብ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ያለ ነው። በዘመናችን የተጨመረው አዲስ ነገር ግን ምኞቱ ራሱ ሸቀጥ ሆኖ በራዲዮና በቴሌቪዥን፣ በመንገድ ዳር ሰሌዳና በእጅ ስልክ ገበያ መውጣቱ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በተለምዶ «ቤቲንግ» የሚባለውን የስፖርት ውርርድ ሲሆን፣ ከጨዋታው ይልቅ በተለይ ማስታወቂያውን እንመረምራለን። ጥያቄያችንም አንድ ነው፦ ሕግ ለአዋቂ ሰው የፈቀደው ነገር ሁሉ ለሕፃንና ለወጣት በአደባባይ ሊታወጅ ይገባዋልን?

1. ዕጣ ሁሉ ቁማር አይደለም

በቅድሚያ አንድ ነገር ለይተን ማወቅ ይገባናል። ዕጣ መጣል በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። በሐዋርያት ሥራ እንደምናነበው ማትያስ ከዐሥራ አንዱ ሐዋርያት ጋር የተቆጠረው በዕጣ ነው። በአገራችንም ዕቁብተኞች በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ዕጣ ያወጣሉ። በዕቁብ ዕጣው የሚወስነው ተራን ብቻ ነው፤ ማን ቀድሞ፣ ማን ዘግይቶ እንደሚወስድ ይለያል። ዕቁብተኛው ሁሉ ያዋጣውን ያህል ይቀበላል፤ የቀደመው ሱቅ ይከፍትበታል፣ የዘገየውም ገንዘቡ አልጠፋበትም። ዕጣው ጎረቤትን ከጎረቤት ጋር በመተማመን ያስተሳስራል።

በቁማር ግን ዕጣው የሚወስነው ማን የማንን እንደሚወስድ ነው። የአንዱ ደስታ የሌላው ኀዘን ነው፤ ከሁለቱም ይልቅ የሚያተርፈው ደግሞ አጫዋቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በዚህ ጉዳይ ላይ ሚዛናዊ አቋም ይዟል። የዕድል ጨዋታና ውርርድ በራሳቸው ከፍትሕ ጋር እንደማይጋጩ ይገልጻል፤ ሆኖም ሰው ለራሱና ለሚያስተዳድራቸው ሰዎች የሚያስፈልገውን የሚያሳጡ ከሆነ በግብረ ገብ ረገድ ተቀባይነት እንደሌላቸው፣ የቁማር ፍቅርም ሰውን ባሪያ እስከ ማድረግ እንደሚደርስ ያስጠነቅቃል። ስለሆነም ጨዋታውን የምንመዝነው በተሰጠው ስም ሳይሆን ከቤተሰብ መሶብ ላይ በሚያነሣው እንጀራ ነው።

2. ቁማር ስሙን እንዴት ለወጠ?

ቀድሞ ቁማር የሚሸሸግ ነገር ነበር። ካርታ የሚጫወቱ ሰዎች በጓዳ ይሰበሰቡ ነበር፤ በገበያ ጥግ ሦስት ካርታ እያገላበጡ የባላገሩን ገንዘብ የሚበሉትም ፖሊስ ሲመጣ ይበተኑ ነበር። «ቁማርተኛ» መባል ስድብ እንጂ ማዕረግ አልነበረም።

በ1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ሎተሪ ሲቋቋም የዕድል ጨዋታ በመንግሥት እጅ ሆኖ በአደባባይ መካሄድ ጀመረ። የሎተሪ አዟሪው፣ የቶምቦላው መኪና፣ የእንቁጣጣሹ ዕጣ ለብዙ ዓመታት የከተማ ኑሮ አካል ሆነው ቆይተዋል። ሎተሪ የራሱ ጉዳት የለውም አንልም፤ ይሁን እንጂ ዕጣው የሚወጣው በተወሰነ ቀን ስለሆነ ትኬት የገዛው ሰው ቀኑን እየጠበቀ ወደ ሥራው ይመለሳል። በየደቂቃው እየተሸነፈ በየደቂቃው ደግሞ የሚመድብበት መንገድ አልነበረውም።

በ1999 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 535 የብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር እንደገና ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የስፖርት ውርርድ በሎተሪ ሥራ ሥር ተቆጥሮ ለግል ድርጅቶች ፈቃድ ይሰጥ ጀመር። በሌላ በኩል በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 የቁማርን ማስታወቂያ ከተከለከሉት ማስታወቂያዎች መካከል ቆጥሮታል። እንግዲህ ነገሩን ልብ እንበል። በጓዳ ካርታ የሚያጫውት ሰው «ኑ፣ ገንዘባችሁን መድቡ» ብሎ በራዲዮ ቢያስነግር ሕጉን ይጥሳል። በእግር ኳስ ውጤት ላይ ገንዘብ እንዲመደብ የሚጠራው ድርጅት ግን የሥራው ስም «ሎተሪ» ወይም «ጨዋታ» ስለሆነ ጥሪውን በነፃነት ሲያሰማ ኖሯል። በሁለቱም ዘንድ ሰው ገንዘቡን ባልታወቀ ውጤት ላይ ይመድባል፤ በሁለቱም ዘንድ ብዙዎች ያጣሉ። ግብሩ አንድ ሆኖ ሳለ ስሙ ስለተለየ ብቻ አንዱ ሲከለከል ሌላው ይታወጃል።

ለዚህ ትልቁ ማስረጃ የአገራችን እግር ኳስ ነው። ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ስያሜ ቤትኪንግ ለተባለ ከናይጄርያ ለተነሣ የውርርድ ድርጅት ተሰጥቶ፣ ሊጉ ለተከታታይ ዓመታት «ቤትኪንግ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ» እየተባለ ይጠራ ነበር። ይህ በስምምነት የተደረገ እንጂ በስውር የተፈጸመ ነገር አይደለም። ውጤቱን ግን እናስተውል። የስፖርት ጋዜጠኛው ውጤት ሲያነብ፣ ተማሪው ስለሚወደው ቡድን ከጓደኛው ጋር ሲያወራ፣ የደረጃው ሠንጠረዥ በጋዜጣ ሲታተም የውርርድ ድርጅት ስም አብሮ ይጠራ ነበር። ማስታወቂያ መሆኑ ሳይታወቅ ማስታወቂያ ሆነ፤ የአሥር ዓመት ልጅም ውርርድንና ኳስን እንደ አንድ ነገር እያየ አደገ።

3. ጥሪው የሚደርሰው ለማን ነው?

ይህን ጉዳይ የከሚሴንና የአካባቢዋን ኑሮ ይዘን ብንመለከተው ይበልጥ ይገለጥልናል። ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በቦርከና ወንዝና በጨፋ ሜዳ አጠገብ የምትገኝ፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ርእሰ ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የቤት ቆጠራ ዞኑ 457,278 ነዋሪዎች ነበሩት። ሕዝቡ በአብዛኛው ማሽላ፣ ጤፍና ማሾ የሚያመርት፣ ከብትና ግመል የሚያረባ ነው። በባቲ የሰኞ ገበያና በሰንበቴ የእሑድ ገበያ ኦሮሞው፣ አፋሩ፣ አማራውና አርጎባው የድካማቸውን ፍሬ ይዘው ይገናኛሉ። በእነዚህ ገበያዎች ሰው ከገንዘቡ የሚለየው ከብቱን በዓይኑ ዓይቶ፣ እህሉን በእጁ ዘግኖ ነው።

የዚህ አካባቢ ወጣት ግን ያለፉት ዓመታት ከባድ ሆነውበታል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የደረሰው ግጭትና ጦርነት የብዙ ቤተሰብ ጥሪት አጥፍቷል። ከዚያም በፊት ቢሆን ከዚህ ዞንና ከአጎራባቹ ወሎ ብዙ ወንዶችና ሴቶች በጅቡቲና በየመን አቋርጠው ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሲሰደዱ ኖረዋል። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ባዶ እጃቸውን ከመጡት መካከል የዚህ አካባቢ ልጆች ይገኙበታል። ዛሬም በብዙ ቤት የወንድም የትምህርት ቤት ወጪ፣ የእናት መድኃኒት፣ የቤቱ ክዳን ቆርቆሮ የሚገኘው በሰው አገር ሰው ቤት ከምታገለግል እኅት ላብ ነው።

እንግዲህ የውርርዱ ጥሪ የሚደርሰው ለዚህ ወጣት ነው። ሥራ የለውም፤ ነገር ግን ስልክ አለው። ኳስ በሚታይበት ቤት ከእኩዮቹ ጋር ተቀምጦ የእንግሊዝን ቡድኖች ተጫዋቾች በስም ይጠራል። ማስታወቂያውም «ይህ የምታውቀው ነገር ሁሉ ገንዘብ ነው» ይለዋል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መላክና መቀበል ለሕዝባችን ትልቅ አገልግሎት ሆኗል፤ በዚያው መንገድ ግን ለውርርድ የሚሆን ገንዘብም ይተላለፋል። ስለዚህ የውርርድ ቤት በከተማው መኖሩ ወይም አለመኖሩ ብዙ ለውጥ አያመጣም። ቀድሞ ሰው ወደ ቁማር ቤት ለመግባት ደጃፍ ይሻገር ነበር፤ ጎረቤትም ሲገባ ያየው ነበር። በስልክ ሲሆን ደጃፍም የለ፣ የሚያይም የለ። እኅቱ ለበግ መግዣ የላከችለት ብር ማንም ሳያውቅ በአንድ ሌሊት ያልቃል፤ የጠፋውን ለማስመለስ ሌላ ይበደራል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው ይፈጸማል።

በዞኑ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ነው። ቅዱስ ቁርኣን ቁማርን፣ በዐረብኛው «መይሲር»ን፣ ከአስካሪ መጠጥ ጋር አንድ ላይ አድርጎ ይከለክላል። እንግዲህ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ልጆችን በአንድ ቃል እያስጠነቀቁ ባሉበት አገር፣ ከሁለቱም በላይ የሚጮኸው ድምፅ የማስታወቂያው ድምፅ ሆኗል።

4. ያልተነገረው ሒሳብ

ማስታወቂያው በትንሽ ገንዘብ ብዙ እንደሚገኝ ይናገራል። ይህ ቃል ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም፤ ያገኘ ሰው አለና። የሚጎድለው ግን ሒሳቡ ነው፤ ስለዚህ እኛው እናስላው።

ነገሩ እንዲቀልልን አቻ ውጤትን ትተን፣ ሁለቱ ቡድኖች እኩል የማሸነፍ ዕድል ያላቸውን ግጥሚያ እንውሰድ። ፍትሐዊ ቢሆን 10 ብር የመደበ ሰው ሲያሸንፍ 20 ብር ሊቀበል ይገባዋል። አወራራጁ ግን ትርፉን አስቀድሞ ቀንሶ በ1.85 ያባዛል እንበል፤ አሸናፊው የሚቀበለው 18 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። 1,024 ሰዎች እያንዳንዳቸው 10 ብር ቢመድቡ 10,240 ብር ይሰበሰባል። ግማሾቹ፣ ማለትም 512 ሰዎች፣ አሸንፈው በድምሩ 9,472 ብር ይወስዳሉ፤ 768 ብር ለአወራራጁ ይቀራል። ይኸውም ከመቶ ብር ሰባት ብር ከ50 ሳንቲም ነው።

ወጣቶቻችን ግን በአንድ ግጥሚያ ብቻ አይወራረዱም። ማስታወቂያው የሚያሳየው ትልቅ ገንዘብ የሚገኘው ብዙ ግጥሚያዎች በአንድ ትኬት ሲደረደሩ ነውና፣ አሥር ግጥሚያዎች እንደርድር። 1.85 አሥር ጊዜ በራሱ ሲባዛ 10 ብሩ ወደ 4,696 ብር ያድጋል። ይህን የሰማ ሁሉ ይጓጓል። ዕድሉስ? እያንዳንዱ ግጥሚያ ሁለት ውጤት ስላለው፣ የአሥሩ ግጥሚያዎች ውጤት በ1,024 መንገድ ሊሆን ይችላል። 1,024 ሰዎች እያንዳንዳቸው የተለየ ትኬት ቢቆርጡ የሚያሸንፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። የተሰበሰበው 10,240 ብር ነው፤ አሸናፊው 4,696 ብር ይወስዳል፤ 5,544 ብር ለአወራራጁ ይቀራል። አሁን ከመቶ ብር 54 ብር ያህል ሄደ ማለት ነው። የግጥሚያው ቁጥር በጨመረ መጠን የሚታየው ሽልማት ይገዝፋል፤ ከተጫዋቾቹ ላይ የሚቀነሰውም አብሮ ያድጋል።

በማስታወቂያው ላይ ፎቶግራፉ የሚወጣው ያ አንዱ ሰው ነው። 1,023ቱ የሉም። ሁሉንም ለማሳየት ቢፈለግ አንድ ሙሉ ገበያ የሚያህል ሕዝብ ባዶ ኪሱን ይዞ በሰሌዳው ላይ መቆም ነበረበት። ከአሥሩ ግጥሚያዎች ዘጠኙን የገመተው ወጣት ደግሞ «ለጥቂት አመለጠኝ» ብሎ ስለሚያስብ በማግሥቱ ይመለሳል። ዘጠኝ የገመተና አንድም ያልገመተ የሚቀበሉት ግን እኩል ነው፤ ምንም።

5. ማስታወቂያን የምንመዝንባቸው ሦስት መመዘኛዎች

እ.ኤ.አ. በ1997 በቅድስት መንበር የማኅበራዊ መገናኛዎች ጳጳሳዊ ምክር ቤት «ሥነ ምግባር በማስታወቂያ ሥራ» በሚል ርእስ አንድ ሰነድ አውጥቶ ነበር። ሰነዱ ማስታወቂያን በጅምላ አያወግዝም፤ ገዢንና ሻጭን በማገናኘት የሚሰጠውን ጥቅም ያውቃል። ነገር ግን ሦስት መመዘኛዎችን ያስቀምጣል፤ እነርሱም እውነት፣ የሰው ልጅ ክብርና ማኅበራዊ ኃላፊነት ናቸው። የውርርድን ማስታወቂያ በእነዚህ እንመዝነው።

እውነትን በተመለከተ፣ ከላይ ያሰላነው ሒሳብ በቂ ነው። አንዱን አሳይቶ ሺሁን መደበቅ በቃል ባይዋሽም በሥዕል ያሳስታል። የሰውን ክብር በተመለከተ ደግሞ ማስታወቂያው የሚያነጣጥረው በሰው ድካም ላይ ነው፤ ሥራ ባጣ፣ ዕዳ በያዘው፣ ወላጆቹን መርዳት ባልቻለ ወጣት ኀፍረት ላይ። ሐኪሞች የቁማርን ሱስ ከሕመም ቆጥረውታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዘርዝር ውስጥ ከሱስ ጠባዮች መካከል መድቦታል። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሥር የተቋቋመ የባለሙያዎች ቡድን ባወጣው ግምት፣ በዓለም ላይ ወደ 450 ሚሊዮን የሚጠጉ አዋቂዎች ቢያንስ አንድ የቁማር ጉዳት ምልክት ወይም ችግር ይታይባቸዋል፤ ከእነዚህም 80 ሚሊዮን ያህሉ ሕመሙ ያለባቸው ናቸው። በሽተኛን ወደ በሽታው በነጻ መወራረጃና በስጦታ መጥራት ክብሩን ማዋረድ ነው።

ማኅበራዊ ኃላፊነት የሚለው ሦስተኛው መመዘኛ ከግለሰቡ አልፎ ቤተሰቡንና አገሩን ይመለከታል። ገንዘብ ወደ ሱቅ፣ ወደ እርሻ፣ ወደ ዕቁብ ሲገባ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ብዙዎችን ይመግባል። ወደ ውርርድ ሲገባ ግን ከከሚሴና ከባቲ ተነሥቶ ሳይመለስ ይሄዳል። ከዚህ በላይ የሚጎዳን ደግሞ የሚቀረጸው አእምሮ ነው፤ ሀብት ከሥራ አይገኝም የሚል ትምህርት በየዕለቱ የሚሰማ ትውልድ ሥራን ይንቃል።

6. የአገራችንና የሌሎች አገሮች ልምድ

የምንጠይቀው ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የትምባሆን ማስታወቂያ ከልክሏል፤ የአልኮል መጠጥም ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ደንግጓል። ሕጉ ሲጋራ አትሽጡ፣ ቢራ አትጥመቁ አላለም፤ ልጆች በሚያዩበትና በሚሰሙበት ሰዓት አትጥሩ አለ እንጂ። ቴሌቪዥኑ ያለ ቢራ ማስታወቂያ መኖር ችሏል። የሚያሳዝነው ግን ለቢራው ደጅ በተዘጋ በሁለተኛው ዓመት ለውርርዱ የሊጉ ስም መከፈቱ ነው።

ሌሎች አገሮችም ከልምድ ተምረዋል። ጣልያን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ድንጋጌ የቁማር ማስታወቂያን በአጠቃላይ ከልክላለች። ስፔን በ2020 በራዲዮና በቴሌቪዥን የሚተላለፈውን ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ እንዲሆን ወስናለች። ቤልጅየም ከሐምሌ 2023 ጀምሮ አብዛኛውን የቁማር ማስታወቂያ አግዳለች። ወጣቶቻችን ማልያቸውን የሚለብሱላቸው የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ቡድኖችም በ2023 የቁማር ድርጅቶችን ስም ከማልያቸው ፊት ለፊት ከ2025/26 የውድድር ዘመን ፍጻሜ በኋላ ለማንሣት ተስማምተዋል። ጎረቤታችን ኬንያ፣ ውርርድ በወጣቶቿ መካከል ከእኛ ቀድሞ የተስፋፋባት፣ በአፕሪል 2025 የቁማር ማስታወቂያ ሁሉ ለ30 ቀናት እንዲታገድ አዝዛለች። ሀብታም አገሮች ይህን ያህል ከተጠነቀቁ፣ የጠፋ ገንዘብ የሚተካበት ብዙ መንገድ በሌለበት አገር ጥንቃቄው እጥፍ ሊሆን ይገባዋል።

7. የሚነሡ ተቃውሞዎች

አንዳንዶች አዋቂ ሰው በገንዘቡ ነፃ ነው ይላሉ። እኛም ነፃነቱን አንነካም። ማስታወቂያ ግን የሚደርሰው ለአዋቂው ብቻ አይደለም። በውርርድ ቤት በር ላይ የዕድሜ ገደብ ሊጻፍ ይችላል፤ በራዲዮ ሞገድ ላይ ግን በር የለም። ነፃነትም ቢሆን እውነቱን በማወቅ ላይ የሚቆም ነው።

ሌሎች ደግሞ መንግሥት ግብር ያገኛል፣ ወጣቶችም በውርርድ ቤቶች ይቀጠራሉ ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን የአንድ ወጣት ደመወዝ የሚከፈለው ከብዙ ወጣቶች ኪስ ነው። የተራበ ቤተሰብ፣ ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅ፣ በዕዳ የሚሰደድ ጎረምሳ ያስከተሉት ወጪ በግብር መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ የሚከፍለው ግን ሕዝብና መንግሥት ነው።

ስፖርት ደጋፊ ያስፈልገዋል የሚለው አስተያየት ከሁሉ ይበልጥ ክብደት አለው። ቡድኖቻችን ድኾች መሆናቸውን እናውቃለን። ይሁን እንጂ ስፖርት የቆመው ወጣቱን በአካልና በመንፈስ ለማነጽ ነው፤ የሚታነጸውን ወጣት እያደኸየ የሚገኝ ገንዘብ ከዓላማው ጋር ይጣላል። ባንኮች፣ የመገናኛ ድርጅቶችና ፋብሪካዎችም ስማቸውን ከኳስ ጋር ማቆራኘት ይሻሉ።

በመጨረሻም ክልከላ ነገሩን ወደ ስውር ይወስደዋል የሚሉ አሉ። ጨዋታው ራሱ ቢከለከል ይህ ፍርሃት ተገቢ ይሆን ነበር። እኛ የምንጠይቀው ግን ጥሪው እንዲገደብ ነው፤ የሚፈልገው ሰው ፈቃድ ያለውን ቤት ያለ ማስታወቂያም ያገኘዋል።

8. እንግዲህ ምን ይደረግ?

ሕግ አውጪዎቻችን ሊያስቡባቸው ይገባል የምንላቸው ነጥቦች ጥቂት ናቸው። አንደኛ፣ ማስታወቂያን በሚመለከት የስፖርት ውርርድና በስልክ የሚቀርቡ የገንዘብ ጨዋታዎች በስማቸው ሳይሆን በግብራቸው ተመዝነው ከቁማር ይቆጠሩ። ይህ ቢዘገይ እንኳ ቢያንስ ለአልኮል የተደነገገው የሰዓት ገደብ ለእነርሱም ይዋል። ሁለተኛ፣ የውርርድ ድርጅት ስም የሊግ፣ የቡድንና የማልያ ስም አይሁን፤ ወጣቶች የሚወዷቸው አትሌቶችና አርቲስቶችም ለዚህ ሥራ ፊታቸውን አያውሱ። ሦስተኛ፣ ነጻ መወራረጃና ስጦታ እየሰጡ በስልክ መልእክት መጥራት ይቅር። አራተኛ፣ በውርርድ ቤትና በትኬት ላይ የመሸነፍ ዕድሉ በግልጽ ቋንቋ ይጻፍ፤ በአካባቢያችንም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይሁን።

ሕግ እስኪወጣ ድረስ ግን እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ አይገባንም። ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ስለዚህ ጉዳይ ያለ ቁጣ ይነጋገሩ፤ የተያዘ ልጅ የሚደበቀው ቁጣን ሲፈራ ነውና። መምህራን ከላይ ያቀረብነውን ሒሳብ በክፍል ውስጥ ያሠሩ፤ ማባዛት ለሚችል ተማሪ ሁሉ የሚገባ ነው። የቁምስና ወጣት ማኅበራት ከሙስሊም ወንድሞቻቸው ጋር ሆነው የውርርድ ጥሪ የሌለበት የኳስ ውድድር ያዘጋጁ። ዕቁብ ያላቸው ወጣቶችም ጓደኞቻቸውን ይጋብዙ፤ በሳምንት ለትኬት የሚወጣው 50 ብር በዕቁብ ቢገባ በዓመት 2,600 ብር ሆኖ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። በሱሱ የተያዘውን ወንድማችንን ግን «ቁማርተኛ» ብለን አናባርረው፤ ሕመሙ ሕመም መሆኑን አውቀን እንቅረበው፣ ገንዘቡን ለጊዜው የሚይዝለት የሚያምነው ሰው እንዲያገኝ እንርዳው፣ ወደ ጤና ባለሙያም እናድርሰው።

አባቶቻችን ቁማርን በስሙ ጠርተው ልጆቻቸውን አስጠነቀቁ። ዛሬ ስሙ ተለውጦ፣ ልብሱ አምሮ፣ በኳስ ዜማ ታጅቦ ቢመጣም ከመሶቡ የሚያነሣው ያው እንጀራ ነው። ስሙን መልሰን ብንጠራው ልጆቻችን ይሰሙናል።

ለቡድን ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. በዕቁብ ዕጣና በውርርድ ዕጣ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ከአካባቢያችሁ ኑሮ ምሳሌ ስጡ።

ለ. በዚህ ሳምንት የሰማችሁትን ወይም ያያችሁትን አንድ የውርርድ ማስታወቂያ አስታውሱ። ምን ይናገራል? ምንስ ይደብቃል?

ሐ. ከሦስቱ መመዘኛዎች፣ ማለትም ከእውነት፣ ከሰው ክብርና ከማኅበራዊ ኃላፊነት፣ በአካባቢያችሁ ይበልጥ የሚጣሰው የትኛው ነው? ስለ ምን?

መ. በውርርድ ምክንያት ዕዳ ውስጥ የገባ ጎረቤት ወይም ዘመድ ቢኖራችሁ፣ ሳታሳፍሩት እንዴት ልትረዱት ትችላላችሁ?